ጎሽ ያለበት ሰንደቅ

መምህር ምንይችል አያሌውና ልብስ ሰፊው ኡበይድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲዋጉ ኖረዋል። የጦር ሜዳቸው ሐይቅ ከተማ፣ ከኡበይድ ሱቅ ጀርባ ያለው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ነበር።

ወታደሮቻቸው ከጣት አይበልጡም። ጡረተኛው የታሪክ መምህር የራሱን ከሸክላ አፈር ሠርቶ ቀለም ይቀባቸዋል። ኡበይድ ከዋንዛ እንጨት ይጠርብና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ልብስ ይሰፋላቸዋል፤ መታጠቂያቸው ሳይቀር።

ሁለቱም የሚያሰልፉት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የነበረውን ጦር ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ማስረጃ የሌለው ልብስም ሆነ ሰንደቅ ጠረጴዛው ላይ አይወጣም። ደንቡን ያወጣው መምህሩ ነው። መርማሪውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ኡበይድን ሃያ ጋሻ አስፍቆ እንደገና አስቀብቶታል።

በጥር ወር የኡበይድ የአምባሰል ጦር አዲስ ሰንደቅ ይዞ ወጣ። ቀይ፣ ዳሩ ቢጫ፣ መሀሉ ላይ የጎሽ ራስ።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?» አለ መምህሩ።

«አምባሰል፣ አንዲት እናት ቤት ተጽፎ አግኝቼ። ገጹን ፎቶ አንስቼዋለሁ።» ኡበይድ ስልኩን ዘረጋ።

መምህሩ ስልኩን አልተቀበለም። «ፈጥረኸው ነው።»

«ወላሂ አልፈጠርኩም።»

«መሸነፍ ሲሰለችህ ታሪክ መፍጠር ጀመርክ? ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እኔን ስለ ሰንደቅ ሊያስተምረኝ!»

የኡበይድ ሚስት ሰሚሃ ካውያዋን አስቀምጣ ቀና አለች። ኡበይድ ድምፁን አላነሳም።

«ሄደህ እየው። የፈጠረው ሰው ጦሩን በእጁ ያጥፋ። እኔ ከሆንኩ የኔ በእሳት፣ ካልሆንኩ ያንተ በመዶሻ።»

«ማን ሊፈርድ?»

«አንተው ፍረድ። አንብበህ የምትለኝን እቀበላለሁ።»

ሳይጨባበጡ ተለያዩ።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ወደ አምባሰል የሚወስደውን የውጫሌ ሚኒባስ ተሳፈረ። መምህርነትን የጀመረው በዚያ አካባቢ ነበር፤ ሁለት ዓመት ብቻ፣ ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ስለ ኡበይድ እያሰበ ሄደ። ሲያሳፍረው የሚናገረውን ቃል በቃል አዘጋጀ።

ከውጫሌ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ተጉዞ ኡበይድ ወረቀቱን አገኘሁበት ያለው እመት ስህን ቤት ደረሰ። እመት ስህን በሩን ሙሉ አልከፈቱለትም።

«ባለፈው አንዱ መጣ። አሁን ደሞ አንቱ። የሟች ባለቤቴ ወረቀት ምን አደረጋችሁ?»

«የመጣው ሰው ገንዘብ ሰጥቶዎታል?»

«ለምኑ?»

«ወረቀቱን እዚህ እንዲያስቀምጡለት።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይኼ ወረቀት ባለቤቴ አሻግሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያገላብጠው የኖረ ነው። ሲያለቅስም ሲስቅም እሱን ይዞ ነው። ሰውየው ሻይ እንኳ አልጠጣብኝም።»

በደንብ አስጠንቷቸዋል፣ አለ መምህሩ በልቡ።

ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ አስቀምጠውት ሦስት ሉክ አመጡ። በታይፕ ተመትቶ የተባዛ፣ ዳሩ የወየበ ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ሉክ የለም፤ ከሁለት ይጀምራል። መምህሩ ይህን አየ፤ ግን አልጠየቀም።

ማንበብ ጀመረ። የፊት ጦር ነጭ ቀሚስ፣ ቀይ መታጠቂያ። ጋሻ ያዦች የነብር ቆዳ። ሰንደቁ ቀይ፣ ዳሩ ቢጫ፣ መሀሉ ላይ የጎሽ ራስ፤ «የሚወጋ እንጂ የሚነዳ አይደለምና»።

እዚህ ላይ ቆመ። አነጋገሩን ያውቀዋል። ወደ ቀጣዩ ሉክ ከመዞሩ በፊት የሚቀጥለው ቃል አፉ ላይ መጣ፤ ሲገልጠውም ያው ቃል ነበር።

ፊቱ በንዴት ቀላ። ይህ የራሱ አነጋገር ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠረጴዛው ዙሪያ ሲናገር ኡበይድ ዝም ብሎ የሚሰማው ለካ ይህን ሲለቅም ኖሯል! አሮጌ ወረቀትና አሮጌ ታይፕ ማግኘት ምን ይከብዳል? ውሸቱ ሳያንሰው በመምህሩ አንደበት ዋሸ።

እዚያው ዱካው ላይ ሆኖ ደወለ።

«አነበብከው?» አለ ኡበይድ።

«አንብቤዋለሁ። ያንተ ሥራ ነው።»

«ሙሉውን አንብበህ ነው?»

«ሙሉውን።»

«ምንይችል፣ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

«ቃል ገብተሃል። እየሰማሁህ አቃጥል።»

በስልኩ ውስጥ ጠረጴዛው ሲጎተት ተሰማ። ቀጥሎ የሰሚሃ ድምፅ መጣ፤ «ተው! ኧረ በአላህ ተው፣ ዓይንህ እስኪጠፋ የሰፋኸውን!» ከዚያ እንጨት ሲንጣጣ። መምህሩ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።

«መቶ አርባውም አለቁ» አለ ኡበይድ። «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ስልኩ ተዘጋ። መምህሩ ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ግን ደስ አላለውም። ወረቀቱን አጣጥፎ ሊነሳ ሲል እመት ስህን ከቤት ወጡ።

«የፊቱ ሉክ ሣጥኑ ሥር ተጣብቆ ቀርቶ ኖሮ አሁን አገኘሁት። ለዚያኛው ሰውዬ እንኳ አላሳየሁትም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እስቲ ምን እንደሚል ያንብቡልኝ።»

መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ለወላጆች ቀን የተዘጋጀ ቴአትር። ድርሰት፣ የአልባሳትና የሰንደቅ ፈጠራ፦ መምህር ምንይችል አያሌው።»