የይመኙሻል አምባር

እናት ቀድማ ትብላ የሚለው አዋጅ ከወጣ ወዲህ በገጠር ቤት ሁሉ ያለ መሶብ እማወራዋ ቀድማ ካልጎረሰች ለሌላው አይከፈትም። ጉርሻዋን ቆጥሮ የመሶቡን ቁልፍ የሚከፍተው እጇ ላይ የታሰረው አምባር ነው። የዶሮው ፈረሰኛ እንኳ ከአባወራው ተነጥቆ ለእማወራዋ ተሰጥቷል።

ይመኙሻል መብቷ ስለተከበረላት ለሰባት ኮሚቴ አባልነት ተመርጣለች። የሴቶች አመጋገብ ኮሚቴ ሊቀመንበርም እሷው ናት። ታዲያ ስብሰባው ሁልጊዜ የሚጠራው በምሳ ሰዓት ነው። እሷ ስለ ምግብ ስትወያይ ልጆቿ የተቆለፈ መሶብ ከበው ይቁለጨለጫሉ። አንድ ቀን አንጀቷ አልችል አላትና አምባሩን አውልቃ ለባሏ ለልንገረው ሰጠችው።

«በእኔ ፋንታ ቅመስና ክፈትላቸው» አለችው።

ልንገረው ለሚስቱ መብት እንዲህ የሚቆረቆር ሰው መሆኑን እስከዚያ ቀን ማንም አያውቅም ነበር። ፈረሰኛውን በስሟ ጋጠ፤ እንቁላሉን በስሟ ዋጠ፤ ወተቱንም በስሟ ጨለጠ። እሷ ከስብሰባ ስትመለስ የመሶቡን ፍርፋሪ በሽሮ እያራሰች ትበላለች።

በዓመቱ ይመኙሻል በአምባሩ ቆጠራ ከወረዳው ሴቶች ሁሉ የላቀች ተመጋቢ ተብላ ለሽልማት ተጠራች። ልንገረው ቦርጩን አስቀድሞ ከፊት ወንበር ተሰየመ። ሸላሚዋ ወጣት ባለሙያ፣ ልንገረው ጠዋት አውልቆ የመለሰላትን አምባር አጠለቀችላትና፣

«እትዬ፣ እስቲ ለሕዝቡ ከፍ አድርገው ያሳዩልን» አለቻት።

ይመኙሻል እጇን ስታነሳ አምባሩ ክርኗን አልፎ ብብቷ ሥር ገባ።

«ውይ፣ ሰፋዎት እንዴ?»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለች፣ ልንገረውን እያየች፤ «የሚበላልኝ ሰው ወፍሮብኝ ነው።»