የመንግሥት ሐኪም በኩባንያ መስመር

«አትነቃነቂ አልኩሽ እንጂ አትተንፍሺ አላልኩሽም!» ትላለች አዋላጇ ዌዚ እየሳቀች።

ሉሱንጉ የምርመራ አልጋው ላይ ተንጋላ ያፈነችውን ትንፋሽ ትለቀዋለች። ስምንት ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ደም ስላየች፣ ቢቆምም፣ አማቷ እየጎተቱ ሐይቁ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ አምጥተዋታል። ዌዚ የአልትራሳውንዱን ጫፍ ሆዷ ላይ ታንሸራትታለች፤ ምስሉ በታብሌቱ በኩል ምዙዙ ከተማ ለተቀመጠው ወጣት ዶክተር ይደርሳል።

አማትየዋ እማማ ኛጎንድዌ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት ያጠኑታል።

«ይኼ ልጅ የማን ነው? የመንግሥት ነው የስልክ ኩባንያው?»

«ደመወዙ የመንግሥት ነው። መስመሩና ታብሌቱ የኩባንያው።»

«ታዲያ የማያበላው የትኛው ነው? ክስት ብሏል እኮ!»

ዶክተሩ ከት ብሎ ይስቃል። ወዲያው ግን ምስሉን ጠጋ ብሎ ያየዋል። «ሲስተር፣ ወደ ታች አድርጊው። እዚያ ላይ ያዢው።»

ዌዚ ጫፉን ወደ ታች አውርዳ ትይዘዋለች።

«የእንግዴ ልጁ መውጫውን ዘግቶታል» ይላል ዶክተሩ። «ምጥ ከጀመራት ብዙ ደም ይፈሳታል። በቀዶ ሕክምና ነው መውለድ ያለባት። ዛሬውኑ በጀልባ ንካታ ቤይ ሆስፒታል ትሂድ፤ እኔ እደውልላቸዋለሁ።»

«የትም አትሄድም!» ይላሉ እማማ። «ሰባት ልጅ የወለድኩት እዚሁ ነው። ቢላ ስለው ወደሚጠብቋት ልልካት?»

ዶክተሩ አይከራከራቸውም። «እማማ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉ። ሲስተር፣ ድምፁን ክፈቺው።»

ችኩል የልብ ምት ክፍሉን ይሞላዋል። እማማ አፋቸው ክፍት ይቀራል።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሮጠው?»

«የልጅ ልብ እንዲህ ነው። እሱ ደህና ነው፤ በሩ ነው የተዘጋበት።»

«መስኮት ትከፍቱለታላችኋ?»

«እንከፍትለታለን።»

«እኔ መሄድ እፈልጋለሁ» ትላለች ሉሱንጉ ቀስ ብላ።

እማማ ምራታቸውን ያዩዋታል። ከዚያ ሽርጣቸውን ፈትተው ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። «ተነሺ እንግዲህ! ጀልባው ቆሞ የሚጠብቀን መሰለሽ?»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዌዚ አሸዋው ላይ ቆማ ትሸኛቸዋለች። ሞተሩ ይነሳል።

«ቀስ በል አንተ! የጫንከው ዓሣ መሰለህ?» የሚለው የእማማ ድምፅ ከውኃው ላይ ይሰማታል።

ጀልባው እየራቀ ይሄዳል። እማማ ጃንጥላቸውን ዘርግተው የሉሱንጉን ሆድ ከልለውታል፤ የራሳቸው ራስ ፀሐይ ላይ ቀርቷል።