ሁሉም አረንጓዴ

«ካርታዬን ማነው የነካው?»

ትላለች፣ ገና የስብሰባ አዳራሹን በር ሳትዘጋ። ከሳተላይት ምስል የሠራችው፣ ግድግዳው ላይ የበራው የግጦሽ መሬት ካርታ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ትናንት ስታስረክበው አረንጓዴው ሣሩ ብቻ ነበር። መሬቱን የወረረው እሾሃማ ቁጥቋጦ ቡናማ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው።

«እኔ ነኝ» ይላሉ አለቃዋ ክራባታቸውን እያስተካከሉ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯትም፣ እዚህ ያስቀጠሯትም እሳቸው ናቸው። «ቀለም በዛ፣ ሁለቱን አንድ አደረግኳቸው። ለሳተላይቱ እንደሆነ ሁለቱም ቅጠል ነው።»

«ከብቱ ሳተላይት ነው እንዴ ጋሼ? እሾህ ይብላ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

አትቀንስም። ደሟ ፈልቷል። የወደፊቱን የሚተነብየው የኮምፒውተር ሞዴሏ እኮ ቁልጭ አድርጎ ነው የተናገረው፤ መንጋው አሁን ከገባ የቀረችው ሣር በሁለት ክረምት ታልቃለች፣ ቦታውን ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። መሬቱ ለከብት ይከፈት አይከፈት የሚወሰነው ዛሬ ነው፤ ያውም ለጋሾቹና አርቢዎቹ ይህን ካርታ አይተው። ከሚገቡት ከብቶች መካከል የአጎቷም አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ለጋሾቹን ሦስት ዓመት ሙሉ መሬቱ አገገመ ስንላቸው ከርመናል። አሁን ምን ልንላቸው ነው?»

«አላገገመም ነዋ!»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ብለው ትከሻዋን መታ መታ ያደርጓታል። ከስድብ በላይ ያንገበግባታል። እንግዶቹ መግባት ሲጀምሩ ፊታቸው ባንዴ በርቶ ወደ በሩ ይሄዳሉ።

ከካርታው ሥር ያለውን ጽሑፍ የምታየው ያኔ ነው። «ያዘጋጀችው» ይልና የእሷ ስም ብቻ ተጽፏል። እስከዛሬ በሠራችው ሥራ ሁሉ ላይ የሚቀድመው የሳቸው ስም ነበር። ነገ ጉዱ ሲወጣ ማን ላይ እንደሚላከክ ከወዲሁ ተወስኗል።

«አይ ጋሼ!» ትልና ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ትላለች። «በስሜ ከሆነማ እንደኔ ይሁን።»

አዳራሹ ይሞላል። የከብት አርቢዎቹ ተወካዮች ከፊት ይቀመጣሉ። አለቃዋ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ።

«የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንደምታዩት» ይላሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ «መሬታችን ለምልሟል።»

ከኋላቸው ቡናማው ከላይኛው ጥግ ጀምሮ ቀስ እያለ ካርታውን ይሞላዋል።

ከፊት የተቀመጡት አንድ አርቢ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«የቱ ጋ?»