ታችኛው ጫፍ

«ጋሼ፣ ዛሬ አንተ ታች ትሆንልኝ?» አለ ታናሽየው፣ ዐይኑን ከቁም ሳጥኑ ሳይነቅል።

ታላቅ ወንድሙ ጓንት እያጠለቀ ነበር። አንዱ ገብቶ ሌላው እጁ ላይ ቀረ። ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከባድ ዕቃ ደረጃ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች በያዘው ላይ ነው። ላይኛው ይመራል፣ ታችኛው ይሸከማል። ታችኛው ጫፍ ድሮ የታላቅየው ነበር። የታናሽየው ትከሻ የሰፋ ጊዜ ጉልበቱን እያሻሸ፣ «በቃ፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ከዛሬ ወዲያ ታች ያንተ ነው» ብሎ እየሳቀ አስረከበው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቦታ ተነጋግረው አያውቁም።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«አይ፣ ምልመላው ነገ ነው። አሰልጣኙ እስከዚያ ምንም ከባድ ነገር እንዳታነሳ ብሎኛል። እግሬ ማረፍ አለበት።»

ምንም እንዳታነሳ! ዕቃ ካላነሳ የማይበላን ሰው እንዲህ ማለት መቼስ ለተናጋሪው ቀላል ነው። ልጁስ ምን ያድርግ? ቀን ሶፋና ፍሪጅ፣ ማታ ብረት። ሁለቱን አንድ ገላ ላይ ላስማማ ሲል ስንቴ ወገቡ ተይዟል፣ ስንቴ እጁ ዝሎ ራቱን ሳይበላ ተኝቷል። ነገ የክብደት ማንሳት ክለቡ ከመረጠው ደመወዝተኛ ስፖርተኛ ይሆናል፤ የሰው ዕቃ መሸከም ይቀርለታል። ካልመረጠው ደግሞ ዕድሜው ስለሚያልፍ ሌላ ዕድል የለውም።

ታላቅየው ይህን ሁሉ ያውቃል። «ሻምፒዮኑ ካዘዘማ ምን ምርጫ አለኝ!» አለና ሁለተኛውን ጓንት አጠለቀ። «በል ምራ።»

ቁም ሳጥኑ ባለ ሦስት በር፣ ድፍን እንጨት ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም።

የመጀመሪያው ፎቅ በቀልድ አለፈ። «ይሄ ነገር ባዶ ነው ወይስ ባልየው ውስጡ ተደብቋል?» አለ ታላቅየው ከታች፤ ታናሽየውም ሳቀ። ሁለተኛው ላይ ቀልዱ አጠረ። ሦስተኛው ላይ ከትንፋሽ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ።

መዞሪያው ላይ ቁም ሳጥኑ ዘንበል ሲል ልጁ የወንድሙን ፊት አየው። ከንፈሩን ነክሷል። ቀኝ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። «እንለዋወጥ» የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ነገን አሰበና ዋጣት።

«አይዞህ ጋሼ፣ ደርሰናል» አለ።

አይዞህ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ የለ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንጂ፣ ያ ጉልበት ማንን ሲያሳድግ እንዳለቀ ልጁ አሳምሮ ያውቃል።

ሁለት ደረጃ ሲቀራቸው ከታች «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ታላቅየው አልጮኸም፤ አልለቀቀምም። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በደረቱ ገፍቶ ቁም ሳጥኑን ደፉ ላይ አደረሰና የደረጃውን ብረት ይዞ ቁጭ አለ።

የቤቱ እመቤት በሩን ከፍታ ወጣች። «ጎሽ፣ የኔ ጀግኖች! አልተጫረም አይደል?» እያለች የቁም ሳጥኑን ጎን በመዳፏ ዳሰሰች። ልጁ ዕቃውን ብቻውን እየጎተተ አስገባላትና ሮጦ ተመለሰ።

ታላቅየው ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን እያየ ነው። እብጠቱ ጀምሯል። ሊነሳ ሞከረ፣ አልሆነም።

ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ። «ና ጋሼ፣ ልዘልህ።»

«እንዳትነካኝ።»

«በናትህ ጋሼ!»

«ነገ ምልመላ አለህ። ምንም አታንሳ ተብለሃል አይደል?»

አሽሙር መስሎት ዞሮ ፊቱን አየው። አሽሙር አልነበረም፤ ሰውየው ከልቡ ነው። ምነው በተሳደበ፣ ምነው በጥፊ ባለኝ አለ ልጁ በሆዱ።

«እኔን ስታነሳ ወገብህ ቢያዝስ?» አለ ታላቅየው። «ታች የገባሁት ለዚህ ነው? ልፋቴን ከንቱ ልታስቀረው ነው?»

ከዚያ በቂጡ ይወርድ ጀመር። ሁለት እጁን ከኋላው ይተክላል፣ የታመመውን እግር ወደፊት ይዘረጋል፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ዝቅ ይላል። ልጁ ሊያነሳው ይችል ነበር። ከዚህ ሰውዬ እጥፍ የሚከብድ ብረት ከራሱ በላይ ያነሳል፤ ብብቱ ሥር ይዞት ቢሮጥ ማን ያስቆመዋል? አላነሳውም።

አንዲት ጎረቤት ዘንቢል ይዛ ስትወጣ ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈቻቸው። መጀመሪያ የሚንፏቀቀውን ሰው አየች። ቀጥላ ቀና ብላ ከኋላው እጁን አንጠልጥሎ የሚከተለውን ባለ ሰፊ ትከሻ አየችና መንገዷን ቀጠለች። ልጁ እጁን ኪሱ ከተተ።

የራሱ እግር ደህና ነው፤ የድካም ምልክት የለበትም። ያንገበገበውም ይኸው ነው። ነገ በጠዋት ተነስቶ እንደሚሄድ ያውቃል።

ከፊቱ ታላቅየው ትንፋሹን ሰብስቦ፣ በመዳፉ ቀጣዩን ደረጃ ይፈልጋል።