የማይቆጠር ዘጠና ስድስት

መልማዩ የልጁን ጨዋታ በቪዲዮ ማየት አልፈለገም። ላፕቶፑን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገና «መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን» አለ።

አሰልጣኝ ፕሩት የልጁን የትምህርት ውጤት ዝርዝር ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠው። ሰውዬው ሃስኬት ይባላል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቡድኑ ተጫዋች እንዲመለምል ልኮት የአራት ሰዓት መንገድ ነድቶ ነው የመጣው። ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ።

እኔና የልጅ ልጄ ካዴሪየስ ፊት ለፊቱ ተቀምጠናል። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ታቅፎ ሲሮጥ በሚሲሲፒ ዴልታ የሚያስቆመው አልተገኘም። እዚህ ወንበር ላይ ግን እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶታል።

«አባባ፣ አትስጋ» አለኝ በሹክሹክታ። «ሒሳብ ዘጠና ስድስት አለኝ።»

እውነቱን ነው። ወረቀቱን ራሴ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሃስኬት እስክሪብቶውን ከላይ ወደ ታች ማውረድ ጀመረ። «ሒሳብ ለዕለት ኑሮ፣ ዘጠና ስድስት።» ሰረዘው። «አይቆጠርም።»

«አይቆጠርም ማለት?» አልኩ።

«ኮሌጅ ገብቶ ለመጫወት የሚቆጠሩ አሥራ ስድስት ትምህርቶች አሉ፣ ሚስተር ታግል። አልጀብራ ይቆጠራል። ይሄ አይቆጠርም።» ቀና አላለም። «የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ፣ ዘጠና አንድ። አይቆጠርም። ክብደት ማንሳት፣ መቶ! ፈታኙ ማን ነበር፣ ብረቱ ራሱ?»

አሰልጣኙ ሳቀ። ልጁም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ።

«ሰባት» አለ ሃስኬት ቆጥሮ ሲጨርስ። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ከአሥራ ስድስቱ አሥሩን መጨረስ ነበረበት። ሰባት ነው ያለው።»

«ዘንድሮ እጨርሳቸዋለሁ ጌታዬ» አለ ካዴሪየስ። «ማታም እማራለሁ። ቅዳሜም እማራለሁ።»

«ልጄ፣ በሩ የተዘጋው ባለፈው ወር ነው። ከአሁን በኋላ የምትማረው ለዕውቀት ብቻ ነው።»

«አልጀብራ ጀምሮ ነበር እኮ» አልኩ። «ዘጠነኛ ክፍል።»

ሃስኬት ገጹን ገለጠ። «አዎ። ጥቅምት ላይ አቋርጧል። የአሳዳጊ ፊርማ አለበት። የእርስዎ ነው?»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። የእኔ ነው።

የፈረምኩ ዕለት ካዴሪየስ ሦስት ጊዜ አግብቷል። ጨዋታው እንዳለቀ አሰልጣኙ መኪና ማቆሚያው ድረስ መጥቶ አቀፈኝና ወረቀቱን የፒክአፕ መኪናዬ ኮፈን ላይ ዘረጋው። አንድ ትምህርት የወደቀ ልጅ የአርብ ጨዋታ ላይ አይሰለፍም፤ እዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም። «ቀለል ወዳለው እናዛውረውና ጭንቅላቱ ይረፍ» አለኝ። ሰው ሁሉ እየመጣ ትከሻዬን ይመታል። ሳላነብ ፈረምኩ። ባነበውም አይገባኝም ነበር፤ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

አሰልጣኙን አየሁት።

«ታውቅ ነበር?»

«ሚስተር ታግል፣ እኔ የምኖረው ከአርብ እስከ አርብ ነው» አለ። «ዋንጫውን የወሰድነው በዚያ ዓመት ነው። ፎቶው ላይ እርስዎም አሉበት።»

አለሁበት። ዋንጫውን በአንድ እጄ ደግፌ።

ሃስኬት እስክሪብቶውን ከደነ። «የሁለት ዓመት ኮሌጅ ይፈልግ። ከዚያ ሲወጣ ጉልበቱ ከተረፈ ይደውልልኝ።» ከዚያ ልጁ ከክፍሉ የወጣ ይመስል ወደ አሰልጣኙ ዞረ። «ሌላ ማን አለህ?»

«አሥረኛ ክፍል አንድ አለኝ፣ ትሬሞን የሚባል። እንደዚህኛው አይሮጥም፤ ወረቀቱ ግን ንጹሕ ነው። እሱን ገና ከጅምሩ ተጠንቅቄለታለሁ።»

ካዴሪየስ አሰልጣኙን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ አቀረቀረ።

«ሂድ ጥራልኝ» አለው አሰልጣኙ። «አንተ አትመለስ። ልብስህን ቀይርና ሜዳ ግባ። አርብ እፈልግሃለሁ።»

«እሺ ጌታዬ።»

ተነሳ። ከመውጣቱ በፊት ለሃስኬት እጁን ዘረጋ፤ ያሳደግኩት እንዲያ ነው። ሃስኬት ጨበጠው፤ ቶሎም አለቀቀውም። መዳፉን ገልብጦ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ለአሰልጣኙ አሳየው። «ተመልከት ይሄን እጅ!» አለ። «እግዜርም አንዳንዴ ያባክናል።»

ልጁ እጁን መልሰው እስኪሰጡት ጠበቀ።

ትሬሞን ሲገባ ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም። እኔን ውጣ ያለኝ የለም፤ ቆይም ያለኝ የለም። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ከኋላዬ ሃስኬት ማንበብ ጀመረ። «አልጀብራ፣ ሰባ አንድ። ይቆጠራል። ባዮሎጂ፣ ስድሳ ስምንት። ይቆጠራል።»

ካዴሪየስ ሜዳው ላይ ብቻውን ነው። ሌሎቹ ገና አልወጡም። ከመስመሩ ተነስቶ ሮጠ። ይህን ልጅ መራመድ ከጀመረ ወዲህ ሲሮጥ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ሲሮጥ ግን አላየሁትም። ጥግ ደርሶ ዞረና ወደ መስመሩ ተመለሰ።

ንባቡ ተቋረጠ። ሃስኬት የትሬሞንን ወረቀት እንደያዘ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። በሌላ እጁ የሩጫ ሰዓት አወጣ። ልጁ ሲነሳ ተጫነው። ሲደርስ ተጫነው። ቁጥሩን አየና ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው።

ከዚያ ወደ ዜሮ መለሰው።