የሀኒያ ተራ

«ሀኒያ፣ አለሽ?»

መምህር ምንይሉ ይህን በስልክ መጀመሪያ የጠየቀ ዕለት ኸይራት ስልኩን በሻሿ አፈነችው። ልጇ ሀኒያ ከቤት ከወጣች ሰንብታለች። ጉንደ ወይን አክስቴ ጋ ነው የምሄደው ብላ ነበር፤ አክስቷ ግን ዓይኗንም አላየችም። ያን ዕለት የሸፈነችላት የክፍል ጓደኛዋ ዘሚራ ናት። «ቲቸር፣ ሀኒያ ሹሩባ እየተሠራች ነው፤ እንኳን ለትምህርት ለምሳም አትነሳ!» ብላ አሳቀቻቸው።

በሳምንቱም ኸይራት ዝም አለች። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ሦስት ጊዜ ድምፁ ያልተሰማ ተማሪ ለፈተና አይመዘገብም ተብሏል። ልጄ ነገ በር ብታንኳኳ፣ ስሟ ከሌለ ወደ ምን ትመለሳለች? ይህንን ስታብሰለስል ነው የሰነበተችው።

«ሀኒያ?»

«አለሁ» አለች ኸይራት፣ ድምጿን አቅጥና።

ስልኩ ውስጥ የነፋስ ድምፅ ብቻ ተሰማ። የሞጣው ትምህርት ቤት በከተማው በተነሣው ተኩስ ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ መምህሩ ቢቸና፣ ወላጆቹ ዘንድ ነው ያለው። ኢንተርኔት ስለሌለ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ይወጣና ተማሪዎቹን አራት አራት እያደረገ በስልክ ያገናኛቸዋል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይቀጥላል። «እንዳትበታተኑብኝ ነው» ይላቸዋል ሁልጊዜ።

«እንኳን ድምፅሽን ሰማን» አለ ቀስ ብሎ። «በይ አንብቢልን። የንብ እርባታው ላይ ነን።»

ኸይራት ክው አለች። የተዘጋጀችው «አለሁ» ለማለት ብቻ ነበር። እሷ ራሷ ፊደል የቆጠረችው እዚያው ትምህርት ቤት፣ ማታ ማታ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ነው፤ እሱም ሳትጨርስ ተዘጋ። የጨርቅ ሱቋን በር ገርበብ አደረገች፤ የልጇን መጽሐፍ ጣቃው ላይ ዘረጋች፤ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አኖረች።

«ዘ… ዘመናዊ ቀፎ… ከባህ… ከባህላዊው የሚለየው… ተን… ተንቀ…»

እዚያ ላይ ቆመች። ያቀጠነችው ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጥቶ ጠፋ፤ የቀረው የራሷ፣ ጨርቅ ሻጯ ገበያ ላይ የምትጣራበት ድምፅ ነው። ሳቅ ጠበቀች። በሁሉም ነገር የምትስቀው ዘሚራ እንኳ አልሳቀችም።

«ተንቀሳቃሽ» አለ ከስልኩ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ ሻካራና ያረጀ።

«ጎበዝ ፋንታ» አለ መምህሩ። «እስኪ አንተ ቀጥል። መነጽርህን አድርግና።»

ፋንታን ኸይራት ታውቀዋለች። ሱቋ ፊት ለፊት ኳስ እየለጋ ስንቴ ያስደነገጣት፣ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነው። መነጽር አድርጎ አያውቅም። ስልኩ ውስጥ ግን የመነጽር ማኅደር ሲከፈት ቀጭ አለ፤ ሳል ተከተለ፤ ከዚያ ድምፁ ስለ ቀፎ የተጻፈውን እንደ ዳዊት ይደግመው ጀመር። «ሰፈፉ ሳይሰበር ማሩ ይወጣል…» እያለ፣ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ እየጎተተ፣ ቤተ ክርስቲያን ሬሳ ሲጠበቅ እንደሚነበበው።

ኸይራት ድምፁን አወቀችው። ቄስ ወልደ ኪዳን ናቸው፣ የፋንታ አባት። የጥምጣማቸውን ሻሽ ከሷ ሱቅ ነው የሚገዙት። ባለፈው ሲመጡ ልጃቸው ደኅና መሆኑን ስትጠይቃቸው «ይመስገን» ብቻ ብለው ጨርቁን አገላብጠው ነበር።

«ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ያንተ ተራ ነው» አለ መምህሩ።

«ጉንፋን ይዞኛል ቲቸር» አለ በግድ የጎረነነ ድምፅ። «ድምፄ… ድምፄ ዘግቷል።»

ይህንንም ድምፅ አወቀችው። ማታ ትምህርት ላይ አንድ ዴስክ የምትጋራት፣ «ልጄ ሐኪም ሲሆን እኔም ፊርማዬን እፈርማለሁ» እያለች እርሳስ የምትቀማት ይርጋነሽ፣ የኃይለ ጊዮርጊስ እናት ናት። ኸይራት አፏን መያዝ አልቻለችም።

«ምን ያለ ጉንፋን ነው! አንብቢ እንጂ አንቺ፤ እኔስ እየተንተባተብኩ አንብቤ የለ!»

ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች። እጇን ማንሳት ፈራች። ጉድ አፈላሁ፣ አሁን መምህሩ የልጆቹን ስም ሁሉ ይሰርዛል አለች በሆዷ። ቢቸና ላይ ነፋሱ ስልኩን እየገረፈው ነበር።

ከዚያ ይርጋነሽ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ዋጠችው። «እሺ» አለች በራሷ ድምፅ። ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። «ማ… ማሩ… ከተቆረጠ በኋላ…»

«አይዞሽ፣ በዝግታ» አሉ ቄሱ።

እያነከሰች፣ እየመለሰች፣ እስከ አንቀጹ መጨረሻ አነበበችው። ማንም አላቋረጣትም። ስትጨርስ መምህሩ ስሞቹን በየተራ ጠራ።

«ሀኒያ አንብባለች። ፋንታ አንብቧል። ኃይለ ጊዮርጊስ አንብቧል» አለ። «ሁላችሁም ተመዝግባችኋል። እስኪ አሁን ሰፈፉ ሳይሰበር ማሩ እንዴት እንደሚወጣ የገባው ይንገረኝ።»

ኸይራት መጽሐፉ ላይ አፈጠጠች። ቄስ ወልደ ኪዳን ሳሉ። ይርጋነሽ ገጹን መልሳ ገለጠች።

«እኔ ልንገር ቲቸር?» አለች ዘሚራ። ድምጿ ቀጭን፣ የሌላ የማንም ያልሆነ የልጅ ድምፅ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን አስረዳች፤ ሦስቱ ወላጆች በየቤታቸው አቀርቅረው አዳመጧት። ሀኒያ፣ ፋንታና ኃይለ ጊዮርጊስ ከሞጣ ወጥተው ሄደዋል። ከአራቱ ተማሪዎች የቀረችው ዘሚራ ናት።