የዓምናው ደረጀ

"ኮዱ የሚሄደው ወደ ልጅዎ ስልክ ነው፣ እማማ ብዙአለም። ያለሱ ቅጹ አይከፈትም" አለቻቸው ዲና፣ ኮምፒውተሩን ወደሳቸው ዘወር አድርጋ።

እማማ ብዙአለም ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። ለደረጀ ሳይነግሩት ነዋ የመጡት! ጎልማሳ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ግን ወረቀት ሲያይ እግሬ አውጪኝ የሚል ሰው ነው። እሳቸው ናቸው የደመወዝ ወረቀቱን ከየሱሪ ኪሱ እየለቀሙ በፌስታል ያጠራቀሙለት። ለማስ፣ ለግብር፣ ብዙ ቆርጠውበታል፣ አስመልሼ ድንገት "እንካ" እለዋለሁ ብለው ነው የጊቫት ኦልጋ ሰፈር ማዕከል፣ ማትናስ ድረስ በእግራቸው የመጡት። ዲና ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ እዚያች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የሰፈሩን ሰው የማስ ጣጣ ትፈታለች።

እስካሁን ያልጠየቋት ነገር የለም። ሥራ የቀየረ ሰው የሁለቱንም ቦታ ያስገባል ወይ? አንድ ወረቀት ቢጠፋስ? ደግሞስ ይኸ ቅጽ የሚጠይቀው ስለ ዘንድሮ ነው ስለ ዓምና? ስለ ዓምና ብቻ ነው ስትላቸው፣ "ደግ አደረጉ፣ ዘንድሮንማ ላንድዬ ትተውለታል" ብለው ሳቁ።

አሁን ግን ምሥጢራቸው ሊወጣ ነው። እየተነጫነጩ ደወሉ። ያነሣው ደረጀ ሳይሆን ታናሽ ወንድማቸው ፈጠነ ነበር። ደረጀ ሥራ ላይ ነው፣ ስልኩን እኔ ዘንድ ትቶት ነው አላቸው። ስለ ኮዱ ሲያስረዱት አጠገባቸው ካለችው ሴት ጋር እንዲያገናኙት ለመናቸው።

ዲና ስልኩን ተቀበለች።

"የማን ልጅ እንደሆንሽ አላውቅም፣ ብቻ ፊትሽን እንዳታይብሽ" አለ ፈጠነ። "ደረጀ ዛሬ ሥራ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ነን። አልተረፈም። መርዶው በወጉ ነው የሚነገራት፤ ቄስ በለጠን ይዘን መጥተን ወደ ቤት እንወስዳታለን። እስክንደርስ አቆዪልኝ።"

ዲና ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም። ፈጠነ ኮዱን አነበበላት። የሟች ስልክ ላይ የመጣ ኮድ ነው። ጻፈችው፣ ቅጹም ተከፈተ።

"ምን አለሽ?" አሉ እማማ ብዙአለም።

"ኮዱን ሰጠኝ።"

ሌላ ቀን በየገጹ የሚያነክሰው ሶፍትዌር፣ የዛሬን ብቻ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቁም ሲሉት የሚሮጥ እርጉም! ዲና የሞላችውን እያጠፋች መልሳ ሞላች፣ ቆመብን እያለች ዋሸች፣ ደህናውን ኮምፒውተር ሰደበችው።

"ተይው ልጄ፣ ደክሞት ይሆናል" ብለው አጽናኗት። "ደረጀም ከሥራ ሲገባ እንዲሁ ነው፣ ቢጠሩት አይሰማም።"

ዲና እንባዋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ከሀገር ቤት ርቃ እዚሁ ሀደራ ከተማ ብትወለድም መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለች። እንደ ተራ ወሬ በስልክ አይጣልም፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። በባዶ ሆድም አይደረግም፤ ሐዘን ከያዘው በኋላ እህል አይቀምስምና ሰውየውን አስቀድመው ያበሉታል። ምሳ በልተው እንደሆን ጠየቀቻቸው። አልበሉም፣ አልራባቸውምም። ከቦርሳዋ ለራሷ መክሰስ የያዘችውን ቡሬካስ አወጣች። እንቢ አሉ።

"በሞቴ፣ እማማ፣ ትንሽ ይቅመሱልኝ" አለች፤ ቃሉ አፏን አቃጠላት።

ተቀብለው ገመጡ። አላመጡ፣ እንደገና ገመጡ። ከዚያ ማላመጡን ተዉት። መጀመሪያ የተዘረጋውን እጇን፣ ቀጥሎ ፊቷን አዩ። የቀረውን ቡሬካስ በቀስታ ፌስታሉ ላይ አስቀመጡት።

"ስንት ቤት ሄጃለሁ መሰለሽ" አሉ። "እዚህም፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈርም፣ ሰው በሞተ ቁጥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ይወስዱኛል። የማበላ እኔ ነኝ። ሳይርባቸው፣ ብሉ ብሉ እያልሁ።"

ዲና እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀችው፣ ግን ምን ዋጋ አለው። ያሳደጓት ሰዎች ያስተማሯት ደግነት ራሱ አጋለጣት።

"አትንገሪኝ" አሉ እማማ ብዙአለም። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነው። "ወጉ እንዲህ አይደለም። ፈጠነም ይምጣ፣ ቄሱም ይምጡ፣ ያን ጊዜ እጮኸዋለሁ። አሁን አልሰማሁም።"

"እሺ፣ እማማ።"

"ይኸ የሚጠይቀው ስለ ዓምና ነው አላልሽኝም?"

"ስለ ዓምና ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ጠይቂኝ። ከመጀመሪያው ጀምሪና ጠይቂኝ።"

ዲና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። የሞሉትን ሁሉ አጥፍታ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። የልጃቸውን ስም ጠየቀቻቸው።

"ደረጀ" አሉ፣ አንድም ፊደል ሳይቀር እንዲጻፍላቸው ቀስ ብለው።

"ዓምና የሚኖረው የት ነበር?"

"ከእኔ ጋር።"

"ሥራስ ነበረው?"

"እንዴታ! ሌሊት ወጥቶ፣ ማታ ይገባ ነበር። በሩን ሲከፍት እሰማዋለሁ።"

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ፣ ወዲያው ሌላም ተዘጋ። የወንዶች ዝግ ያለ ንግግር ወደ ደረጃው ቀረበ። እማማ ብዙአለም ዞረው አላዩም፤ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ አደረጉ።

"አሁንም ጠይቂኝ" አሉ።